የሚዛን ካፌ የአንድ እሑድ ኃላፊ

ሀረገወይን ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ውሸት አሳድጋለች። ውሸቷ ስትወለድ ትንሽ ነበረች፤ ለክፉም አልተወለደችም። ሀረገወይን ቤይሩት በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ እናቷ እትዬ ዝናሽ ኮምቦልቻ ቤታቸው ተቀምጠው ዐረብ አገር ሰው ቤት በሚሠሩ ልጆች ላይ የሚደርሰውን በቴሌቪዥን አዩና ደም ግፊታቸው አሻቅቦ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ከለከላቸው፤ ቡናና ድንጋጤ። ቡናውን እሳቸው በእመቤታችን ስም ምለው ተዉ። ድንጋጤውን ደግሞ ሀረገወይን ልታስቀርላቸው ፈለገችና በስልክ፣ "እማዬ፣ ሰው ቤት መሥራት ትቼ ካፌ ገብቻለሁ እኮ፤ አሁን ማንም አይቆጣኝም" አለቻቸው። እትዬ ዝናሽ እልል አሉ፤ ደም ግፊታቸውም ወረደ።

እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን እናት ለጎረቤት አወሩ፣ ጎረቤት "አሁንስ ምን ደረሰች?" እያለ ጠየቀ፤ የአንዷ ጎረቤት ልጅ ዱባይ ላይ አለቃ ሆነች ሲባል የእትዬ ዝናሽ ልጅ አስተናጋጅ ሆና ልትቀር አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ገንዘብ ተቀባይ ሆነች፣ በአምስተኛው የካፌው ኃላፊ። ስድስት ሠራተኛ ታስተዳድራለች። አንዱን እንዲያውም በስንፍናው አባርራው ነበር፤ እናቷ በጣም ስላዘኑለት ግን በሳምንቱ መለሰችው።

እውነቱ ያለው ቤይሩት ራውሼ ሰፈር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሀረገወይን የማዳም ኑሃድ የቤት ሠራተኛ ናት። ማዳም ኑሃድ የሰማንያ ሁለት ዓመት ባልቴት፣ ጡረታ የወጣች የፈረንሳይኛ አስተማሪ ናት፤ አንቱ እንዳንላት በዐረብኛ አንቱ የለም፤ ሀረገወይንም ዐሥር ዓመት አንቺ ስትላት ስለኖረች እኛም እንዲሁ እንቀጥል። ሀረገወይን ታበስልላታለች፣ ታጥብላታለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ ኪኒኗን በሰዓቱ ታስውጣታለች፣ ፀሐይ ሲበርድ ክንዷን ይዛ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ታዞራታለች። የኪኒኑ ቆርቆሮ ከኪሷ ተለይቶ አያውቅም። ማዳሟ ክፋት የላትም፤ ያለባት በሽታ መሰላቸት ነው። ልጆቿ ሞንትሪያል ናቸው፣ ጓደኞቿ አንድ በአንድ አልቀዋል፤ ቀኑ ደግሞ ረጅም ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሶፎንያስ የድምፅ መልእክት መጣ። ሶፎንያስ የሀረገወይን ታናሽ ወንድም፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ሥራውም ቡና ቀማሽ ነው። ትምህርቱን ያስተማረችው እሷ ናት፤ የሙያ ፈተናውን አለፍኩ ያላት ቀን የማዳሟን ሳሎን እየጠረገች ብቻዋን ጨፍራለች። እናታቸው "የልጄ ምላስ የተቀባ ነው፤ አንዴ ፉት ካለ ቡናው የበቀለበትን ተራራ ይነግርሻል" እያሉ ሰፈሩን ያሰለቹለት ልጅ ነው።

"እታለም፣ ጉድ ልንገርሽ!" ይላል መልእክቱ። "ቤይሩት ልመጣ ነው! የቡና ኤግዚቢሽን አለ፣ ድርጅቱ ይዞኝ ይመጣል። እሑድ ነፃ ነኝ። ስፔሻሊቲ የሚባለውን ምርጥ ቡና የሚያፈሉትን ጥሩ ጥሩ ቤቶች ታዞሪኛለሽ፣ መጨረሻ ላይ ያንቺ ካፌ እንሄዳለን። እማዬ ደግሞ በቪዲዮ አሳዩኝ ብላ ከአሁኑ ነጠላዋን አሳጥባለች።"

ሀረገወይን ሦስት ጊዜ ሰማችው። በሦስተኛው ምድጃው ላይ የጣደችው ሽንኩርት አረረ። ጉዷ እሑድ ከወጣ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ እናቷ የሚደነግጡት ደግሞ ሰው ቤት መሥራቷን ሰምተው ብቻ አይደለም፣ ስምንት ዓመት መታለላቸውን ሰምተው ነው። ሐኪሙ ምን እንዳለ ትዝ አላት።

"ሹ ሃይዳ? ምንድን ነው ይሄ? ቤቱን ልታቃጥይው ነው?" ማዳም ኑሃድ ከዘራዋን እያንኳኳች ማድ ቤት ገባች።

ሀረገወይን ሁሉንም ዘረገፈችላት። ማዳም ኑሃድ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማቻት።

"ስምንት ዓመት!" አለች በመጨረሻ። "እኔስ? እኔ በዚህ ወሬ ውስጥ ምንድን ነኝ?"

"አንቺማ የለሽም፣ ማዳም። ጥዬሽ ሄጃለሁ።"

"ጥለሽኝ?" ከልቧ ተቀየመች። "ታዲያ ኪኒኔን ማን ነው የሚሰጠኝ? ያኒ እኔን ሜዳ ላይ ጥለሽ አንቺ ቡና ትሸጫለሽ?"

"ማዳም፣ ውሸት እኮ ነው።"

"ቢሆንስ!"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትንሽ አኮረፈች። ከዚያ ሀረገወይን ከወረርሽኙ ወዲህ አይታው የማታውቀው ሳቅ ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ታየ። "ኸላስ፣ በቃ" አለች። "ዛሬ ሰኞ ነው። እስከ እሑድ ካፌ እንፈልግልሻለን። ያላ፣ ጫማዬን አምጪ።"

እንዲህ ሆኖ ነው አንዲት አሮጊትና አንዲት ኢትዮጵያዊት ሰርቪስ በሚሉት የጋራ ታክሲ ቤይሩትን እየዞሩ ጥሩ ካፌ መፈለግ የጀመሩት። ሀረገወይን በዐሥር ዓመት ውስጥ እነዚህን ቤቶች በመስታወታቸው በኩል እንጂ ከውስጥ አይታቸው አታውቅም። መጀመሪያ ማር ሚካኤል ሰፈር ወዳለ አንድ ካፌ ሄዱ። ክንዱን እስከ ጣቶቹ የተነቀሰ ወጣት መጣና ማዳም ኑሃድን ኬንያ ይሁን ኮስታሪካ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ ስንት ሺህ ሜትር ላይ የበቀለ እንደምትፈልግ ጠየቃት።

"ልጄ፣ የጠየቅሁህ ቡና ነው፣ ፓስፖርት አይደለም" አለችው።

የመጡበትን ጉዳይ ሲነግሩት ወጣቱ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያም ባለቤቱ ውጭ አገር እንደሆነና ማንንም ወደ ቡና ማፍያው ማስገባት እንደማይችል ነገራቸው። እምቢ ማለቱ እሱንም ከፋው እንጂ አልሰደባቸውም።

አሽራፊዬ ሰፈር ያለው ካፌ ግን ሌላ ነበር። በሩን ገፋ አድርገው እንደገቡ አንዲት ሴት ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ ሀረገወይንን አየቻትና፣ "ለጽዳት ሥራ ከሆነ በጓሮ በኩል ነው" አለቻት። ሀረገወይን ይህን ዓይነት ነገር ለምዳዋለች፤ ግን መልመድ አለመሰማት አይደለም፣ ፊቷ ጋለ። ማዳም ኑሃድ ፈረንሳይኛዋን መዘዘች። አርባ ዓመት ልጆች ያስለቀሰችበት ፈረንሳይኛ ነው፤ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እያንዳንዱን ቃል እየቆረሰች ስትናገር ሴትየዋ ሳትፈልግ ቀጥ ብላ ቆመች። ሀረገወይን ግማሹ አልገባትም፤ ሴትየዋ መጨረሻ ላይ "ፓርዶን፣ ማዳም" ብላ ይቅርታ ስትጠይቅ ግን ሰማች። ደስ አላት፤ ደስ ማለቷንም አልደበቀች።

ማክሰኞ ቡርጅ ሐሙድ ሄዱ። ይህን ሰፈር ሀረገወይን ታውቀዋለች፤ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ በርበሬ የምትገዛበት፣ ፀጉሯን የምትሠራበት ነው። በአንድ ወርቅ ቤትና በአንድ ሽቶ ቤት መካከል የተወተፈ ጠባብ ካፌ አለ፤ የሚቆላው ቡና ሽታ ከሩቅ ይጠራል። በሩ ላይ "ሚዛን" ተብሎ በዐረብኛ ተጽፏል፤ ሀረገወይን ትርጉሙን ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው። ባለቤቱ ሃጎፕ የሚባል ጢማም አርመን ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

ማዳም ኑሃድ መነጽሯን አወለቀች። "ሃጎፕ!" አለች። "ምንድን ነው የያዝከው?"

የሃምሳ አምስት ዓመቱ ሰው ሲጋራውን ከጀርባው ደበቀ። አራተኛ ክፍል ሳለ ፈረንሳይኛ ያስተማረችው እሷ ናት። የልጅ ልጅ አይቷል፣ ሁለት ሱቅ አለው፤ ግን ያን ድምፅ ሲሰማ ጉልበቱ ዐሥር ዓመት ሆነ። ልመና አላስፈለገም። ወንበር ሳበላት፣ ጉዳዩን ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ ሀረገወይንን አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "ቡናዬን በሰው ፊት እንዳታበላሽብኝ። ሦስት ቀን ትማሪያለሽ።"

ሦስቱ ቀን ለሃጎፕ ሦስት ዓመት ሆነበት። ሀረገወይን ቡና አታውቅም የሚላት ካለ አይኑር፤ የማዳሟን፣ ረክዌ በሚሉት ባለ እጀታ ማፍያ የሚፈላውን የሊባኖስ ቡና ሳይፈስ ሦስት ጊዜ ማስነሣት የምትችል ሰው ናት። ሃጎፕ ግን የቡናውን ዱቄት እንደ ወርቅ በሚዛን ይመዝናል፣ በወረቀት ማጥለያ ላይ ያደርገዋል፣ አፉ ቀጭን በሆነ ማንቆርቆሪያ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፣ ደቂቃውን ይቆጥራል።

"ሄሉንስ መቼ ነው የምጨምረው?" አለች በመጀመሪያው ቀን።

"ሄል የለም።"

"ስኳር?"

"የለም።"

"አይፈላም?"

"አይፈላም! አይማሰልም! አይነካም!"

"ታዲያ ምኑን ሠራነው?" አለች ሀረገወይን። ቀመሰችው። ኮመጠጣት። ተበላሽቷል ብላ ዝም ብላ ደፋችው፤ ሃጎፕ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። እሱ ግን እሷ የደፋችውን ፍሬ ፍሬ ይላል፣ የፍራፍሬ ጣዕም አለው ይለዋል። ሀረገወይን ቀሪውን ሁለት ቀን ፍሬ ፍሬ የሚለውን ስትፈልግ ዋለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግን ከየት መጣ ሳትል አንዱ ሲኒ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ጣዕም አገኘች፤ እንደ ልጅ ሳቀች። ሃጎፕም የዚያን ቀን "አሁን ኃላፊ ሆነሻል" አላት።

ቅዳሜ ሳብራ ገበያ ወርዳ ጥቁር ጫማና ነጭ ሸሚዝ ገዛች። የሃጎፕ ልጅ "ማናጀር" የሚል የደረት ባጅ አሠራችላት። ማታ ሻማ ለኩሳ፣ "እመቤቴ፣ ይቺን አንዲት ውሸት ብቻ አሻግሪልኝ፤ ከዚህ በኋላ አልዋሽም" ብላ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተሳለች። ለውሸት ማሻገሪያ ስለት መሳል ተገቢ መሆኑን ካህን አልጠየቀችም፤ መልሱን ስለምታውቀው ነው።

እሑድ ጠዋት ሶፎንያስ ሐምራ ሰፈር ካለው ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ስትለየው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ጢም ያወጣ ጎልማሳ ሆኗል። አንገት ላንገት ተናንቀው ብዙ ቆሙ። ሀረገወይን ስለ ካፌውም፣ ስለ ውሸቱም ረስታ አለቀሰች። ዐሥር ዓመት በስልክ መስታወት ያየችውን ፊት በእጇ ዳሰሰችው። እሱም ዓይኑን ጠረገና እጁን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያም ቀኑን ሙሉ፣ ሲኒ ወይም ማንኪያ ካልያዘ በቀር፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"ዝርዝር ይዣለሁ" አላት፤ "ኢንተርኔት ላይ ምርጥ የተባሉ ሁለት ቤቶች። ከዚያ ያንቺ።"

የመጀመሪያው እዚያው ሐምራ ነበር። ቡናው መጣ። ሶፎንያስ በማንኪያ ጨለፈና ፉጨት የመሰለ ትልቅ ድምፅ እያሰማ ማገው፤ ጎን ያለው ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ የነበረ ውሻ ደንግጦ ተነሣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ሀረገወይን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

"የሙያው ነው" አላት ሳያፍር። "አየር መቀላቀል አለበት። ምም። ጃስሚን። ሎሚ።"

"የት ነው የበቀለው?"

ሶፎንያስ ጣሪያውን አየ። "ይርጋጨፌ" አለ። "ከፍ ያለው በኩል።"

ሁለተኛው ቤት ማር ሚካኤል ነው ሲላት ደነገጠች። ፈርታ ነበር፣ ፍርሃቷም ልክ ነበር፤ ክንዱን የተነቀሰው ያ ወጣት ገና ከበሩ አያትና በዐረብኛ፣ "ኦ! ካፌ ፈላጊዋ! ተሳካልሽ?" ብሎ ጮኸ።

"ምን ይላል?" አለ ሶፎንያስ።

"ምን ባክህ" አለች ሀረገወይን፤ ስምንት ዓመት የሠለጠነ ምላስ ነው፣ አልተደናቀፈም። "እኔ ጋ እንድቀጥረው ይለምነኛል። ሁልጊዜ ነው።"

ሶፎንያስ እህቱን በኩራት አያት። ወጣቱ ቡናውን ሲያስቀምጥ፣ "ቅጠሪው እንጂ፣ እታለም፤ ደህና ልጅ ይመስላል" አላት። ሀረገወይን አስብበታለሁ አለችው። ሶፎንያስ ማንኪያውን አነሣ፣ ማገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "ጃስሚን" አለ። "ሎሚ። ይሄ ጉጂ ነው።"

ሀረገወይን ከወጣቱ ጀርባ ያለውን ከረጢት አየች። ብራዚል ይላል፤ ባንዲራው ሳይቀር አለበት። እሷም ከራሷ ሲኒ ፉት አለች፤ ሎሚ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም፣ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ልጁ መንገድ አድክሞት ይሆናል ብላ አሰበች። እንዲያውም ደስ አላት፤ ብራዚልን ጉጂ ያለ ሰው እሷን ኃላፊ ለማለት ምን ያንሰዋል? ሲነሡ ሶፎንያስ የሁለቱንም ሲኒ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሥርዓት አስቀመጠ።

ቡርጅ ሐሙድ ሲደርሱ ሃጎፕ ጢሙን ተቀብቶ፣ ሁለት ልጆቹን ሽርጥ አልብሶ በሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። "ቦንጁር፣ ሼፍ!" ብሎ ለአለቃ እንደሚደረገው ለሀረገወይን ጎንበስ አለ፤ ትንሽ አበዛው። ማዳም ኑሃድ ጥግ ላይ ቀይ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጋ ተቀምጣለች። ዝም ብላ ደንበኛ መምሰል ነበር ድርሻዋ። ግን ዕድሜዋን በሙሉ የቴአትር መድረክ ያጣች ሴት ናት፤ ገና ሀረገወይን ሽርጧን ሳትቋጥር ከዘራዋን ወለሉ ላይ መታች።

"ማንኪያው ቆሽሿል! ኃላፊዋ ትምጣ!"

ሀረገወይን ሄደች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ማንኪያውን ለወጠች።

"ወንበሩ ይነቃነቃል! ኃላፊዋ!"

ሄደች። "ማዳም፣ ኸላስ፣ ይበቃል" አለቻት በጆሮዋ። ማዳም ኑሃድ ሳቋን በመሐረብ ሸፈነች። ሶፎንያስ ሁሉን እያየ፣ "እንዴት ያለች ጨቅጫቃ ደንበኛ ናት!" አለ። "አንቺ ግን ትዕግሥትሽ!"

ሀረገወይን ማፍያው ጋ ቆመች። መዘነች፣ ወረቀቱን አራሰች፣ ዱቄቱን ጨመረች፣ ማንቆርቆሪያውን አንሥታ ክብ ክብ እያደረገች ውሃውን ማንጠባጠብ ጀመረች። ሃጎፕ በአፉ ደቂቃ ይቆጥርላታል። ሁሉ ነገር ያማረው እስከ ቀትር ብቻ ነበር። የአርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ማዳም ኑሃድ፣ ዐሥር ዓመት በለመደችው ድምፅ፣ ተዋናይነቷን ጭራሽ ረስታ፣ ቤት ውስጥ ባሳጠረችላት ስም፣ "ሀሪ! ኪኒኔ!" አለች።

ሀረገወይንም ዐሥር ዓመት በለመደችው እጅ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ ቆርቆሮውን ከሽርጧ ኪስ አወጣች፣ ነጯን አንድ፣ ቢጫዋን ግማሽ ቆጥራ ከውሃ ጋር ወሰደችላት፤ እስክትውጥም አገጯን ይዛ ጠበቀች። ነቅታ ቀና ስትል ሃጎፕ ዓይኑን ጨፍኗል። ማዳም ኑሃድ ኪኒኑ ጉሮሮዋ ላይ እንዳለ አፏን ያዘች።

"የደንበኛ ኪኒንም አንቺ ነሽ የምትይዢው?" አለ ሶፎንያስ።

"ስፔሻሊቲ ነው" አለች ሀረገወይን።

ተመልሳ ቡናውን ጨረሰችና አቀረበች። ሶፎንያስ ማገ፣ ጃስሚን አለ፣ ሎሚ አለ፣ ግሩም አለ። እሷም ላቧን ጠረገች። ተሻገርኩ ብላ ጃንጥላውን ምን ዓይነት ቀለም እንደምታደርገው ማሰብ ጀምራ ነበር። ሲኒዎቹ ባዶ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ተነሡ። የሀረገወይን እጅ ወደ ሲኒዎቹ ሄደ፣ የሶፎንያስም እጅ ሄደ፤ አንዱን ሰሀን ግራና ቀኝ ያዙት። ማንም ያላቸው አልነበረም። ስድስት ሠራተኛ የምታዝ ኃላፊ ደንበኛዋ ፊት ጠረጴዛ አታነሣም፤ የተቀባ ምላስ ያለው ቀማሽም አያነሣም። ሶፎንያስ ግን ሦስት ሲኒ በሦስት ጣቱ መካከል አንጠልጥሎ ማጠቢያው ጋ ደርሶ ነበር። ውሃውን ከፈተ። ሽታው ሲኒው ላይ እንዳይቀር ሳሙናውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ጠርዙን በአውራ ጣቱ እያዞረ በሙቅ ውሃ ሁለት ሁለት ጊዜ አለቀለቃቸው፤ አሽትቶ አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደፋቸው። ዓይኑ እንኳን እጁ ላይ አልነበረም።

"ወይ ጉድ!" አለ ሃጎፕ። "ይሄስ እውነተኛ ባለሙያ ነው። እኔ ጋ ተቀጠር በይው።"

ሀረገወይን አልተረጎመችም። "እጅህን አሳየኝ" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?"

"ሶፊ፣ እጅህን።"

አሳያት። ጣቶቹ ነጭተው ተሸብሽበዋል፣ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጥቀዋል። ሀረገወይን ይህን እጅ ታውቀዋለች። የራሷን አጠገቡ ዘረጋችው፤ የአንድ እናት ልጆች እጅ፣ የአንድ ሥራ እጅ ነበር።

ሶፎንያስ ራሱን ዝቅ አደረገ። "ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ወደቅሁ፣ እታለም" አለ። "ምላሴ አይለይም። ሁሉም ጃስሚን ነው የሚመስለኝ። ድርጅቱ ቀማሾቹ ጋ ሲኒ እንዳጥብ ቀጠረኝ፤ እዚህም ያመጡኝ ለዚያው ነው። አንቺ ያን ያህል ለፍተሽ ወደቅሁ ማለት አቃተኝ። እማዬም ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች።" ቀና ብሎ ወደ ማዳም ኑሃድ አየ። "አንቺስ? ኪኒኗ ኪስሽ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"ማዳሜ ናት" አለች ሀረገወይን። "ዐሥር ዓመቴ።"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ ኋላ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ሀረገወይን ማጠቢያውን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ወንድሟ ያሳፈረው ነገር እሷን ስምንት ዓመት ያሳፈራት ያው ነገር መሆኑ አንጀቷን በላው። ማዳም ኑሃድ ተርጉሙልኝ እያለች ከዘራዋን መታች፤ ሲተረጎምላት፣ "እኔ ጠርጥሬ ነበር" አለች። አልጠረጠረችም።

ስልኩ ጮኸ። እማዬ ነው የሚለው።

"ምን እናድርግ?" አለ ሶፎንያስ።

ሀረገወይን ባጇን አስተካከለች። "ማንኪያህን ያዝ" አለችው።

እትዬ ዝናሽ አዲስ የታጠበ ነጠላቸውን አድርገው ስልኩን ሞሉት። ማሽኑን አሳዩኝ፣ ወንበሩን አሳዩኝ፣ ሠራተኞቹን አሳዩኝ አሉ። የሃጎፕ ልጆች እጅ ነሡ። "ያባረርሽው የቱ ነው?" ሲሉ ሀረገወይን ትንሹን ጠቆመች፤ እትዬ ዝናሽ "አይዞህ ልጄ፣ በርታ" አሉት። ማዳም ኑሃድ እየተጋፋች ስልኩ ውስጥ ገባች።

"እኚህስ?"

"የቤቱ ባለቤት ናቸው፣ እማዬ።"

"እንደምን ነሽ!" አለች ማዳም ኑሃድ በምታውቃት አንዲት አማርኛ፤ ከዚያ በዐረብኛ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ "ልጅሽ ባትኖር አንድ ቀን አልውልም በያት" አለች። ይህ ቴአትር አልነበረም። ሀረገወይን እንባዋን ዋጥ አደረገችና፣ "እኔ ባልኖር ቤቱ አንድ ቀን አይውልም ይላሉ" ብላ ተረጎመች።

"ሶፊ፣ ቀመስክላት? እንዴት ነው?"

"በጃስሚን የተሞላ ነው፣ እማዬ።"

"ወንድምሽስ፣ ሲቀምስ አየሽው?"

"እኔ ብቻ?" አለች ሀረገወይን። "ማንኪያውን ሲያነሣ ሰው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያየው!"

እትዬ ዝናሽ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሲያመሰግኑ፣ ከጀርባቸው የጎረቤት ድምፅ መጣ። "እትዬ ዝናሽ፣ ቶናው ደረሰ እኮ! ሲኒዎን ያቀብሉኝ!"

ስልኩ ወደ ጣሪያው ዞረ። የሆነ ነገር ተንኳኳ። እትዬ ዝናሽ ሲመለሱ ነጠላቸው ተዛብቶ፣ ፊታቸው ጥፋት ላይ የተያዘ ሕፃን ፊት ሆኖ ነበር።

"እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?" አለች ሀረገወይን።

"ራዲዮ ነው።"

"ራዲዮው ሲኒ ጠየቀሽ?"

"ጦስኝ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝ።"

"ጦስኝ ቶና አለው እንዴ?" አለ ሶፎንያስ። "ለእኔ ለቀማሹ?"

እናት መሸሻ አጡ። "እሺ በቃ!" አሉ። "ምን ላድርግ? አንቺ ካፌ ገባሁ ያልሽኝ ቀን ነው የጀመርኩት። ልጄ በሰው አገር የቡና ኃላፊ ሆና እኔ ጦስኝ ልጠጣ? ደስ ብሎኝ ነው! ስምንት ዓመት ጠጣሁ፣ ምንም አልሆንኩም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። "ለሐኪሙ እንዳትናገሩብኝ። አደራ።"

ሀረገወይን ወንድሟን አየች። እጁ እርጥብ ነበር፣ ማንኪያውን እንደያዘ ነው። የእሷም ኪስ ውስጥ የኪኒኑ ቆርቆሮ ይንኳኳል።

"ማንም አይናገርም፣ እማዬ" አለች፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ስለ ቡና ለእናቷ የተናገረችው የመጀመሪያው እውነት ይኼ ነበር።